ቴስታታው ሳይወርድ

ዓለም ገና፣ የጅማና የቡታጅራ መንገድ ከሚለያዩበት አካባቢ ነው የምሠራው። አንድ ጠዋት አሮጌ ላንድክሩዘር ገባ። ሞተሩ 1ኤችዜድ ነው፤ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ። ባለቤቱ አስቀድመው ሌላ ጋራዥ አሳይተዋል።

«ጋስኬት ተቃጥሏል፣ ቴስታታ ይውረድ ተብያለሁ። አንተ ዋጋ ብቻ ንገረኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው፤ ጋስኬቱ ደግሞ በእሱና በሞተሩ ዋና አካል፣ በብሎኩ፣ መካከል የሚገባው ማሸጊያ ነው።

«መጀመሪያ ልየው፣ ጋሼ።»

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን የራዲያተሩን ክዳን ከፈትን። ውስጡ ሽሮ የተሠራበት ይመስላል። ቡናማ፣ ወፍራም ዝቃጭ። ይህን ያየ ሰው ጋስኬት ቢል አይፈረድበትም። ግን ሌላው ነገር አልገጠመልኝም። መኪናው ሲነሳ ነጭ ጭስ የለውም። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ አይፈላም። ቱቦዎቹም ገና ከመነሳቱ አይወጠሩም። የዘይት መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ደግሞ ንጹህ ነው።

ዘይቱ ወደ ውሃው ገብቷል፣ ውሃው ግን ወደ ዘይቱ አልመጣም። ሞተር ሲሠራ የዘይት ግፊት ከውሃው በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ሁለቱ በሚጎራበቱበት ቦታ ትንሽ ቀዳዳ ካለ የሚገፋው ዘይቱ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው በብሎኩ ጎን፣ ክዳን ሥር ተቀምጧል። ውስጡ ዘይት፣ ዙሪያው ውሃ። ጋስኬቱም በዘይት መተላለፊያው በኩል ሊያፈስ ይችላል፤ ግን ቴስታታ ከማውረድ ማቀዝቀዣውን መፍታት ይቀላል፣ ይረክሳልም።

ፈታነው። አንዱን አፉን ደፍነን፣ በሌላው የኮምፕሬሰር አየር እየሰጠን በርሜል ውሃ ውስጥ ነከርነው። ቡልቅ ቡልቅ አለ። ዝገት በልቶታል። ጋሼን ስጠይቃቸው ለዓመታት የሚጨምሩት የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው። ኩላንት፣ ማለትም ለራዲያተር የተሠራው ፈሳሽ፣ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዝገት የሚከላከለው እሱ ነው። በዚያ ላይ በአዲስ አበባ ከፍታ ተራ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል።

አዲስ ማቀዝቀዣ መግጠሙ ብዙም አላስቸገረንም። ወገብ የቆረጠን እጥበቱ ነው። ረዳቴ «ቤንዚን እንጨምርበትና ይጥረገው» አለ። ጮህኩበት። ጎማውን ይበላል፣ እሳትም ያስነሳል። በሙቀት የሚከፈተውን የውሃ በር፣ ተርሞስታቱን፣ አወጣን፤ እሱ ካለ ውሃው እስኪሞቅ ራዲያተሩ ጋ አይደርስም። ሙቅ ውሃ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረን፣ ሞተሩን አስነስተን፣ የሂተሩን መስመር ከፍተን አዞርን። ደፋን፣ እንደገና ሞላን። አረፋው ግቢውን አለበሰው። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋገምነው። ዘይት ጠጥተው ያበጡትን ቱቦዎች ቀየርን፣ ተርሞስታቱን መልሰን ኩላንት ሞላን።

ሂሳብ ላይ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አነበቡ።

«ቴስታታ አልወረደ። ታዲያ ይሄ ሁሉ የምን ነው?»

«አብዛኛው የእጥበት ነው፣ ጋሼ።»

ትንሽ ተከራከሩና ከፈሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ የራዲያተሩ ክዳን ሥር ቀጭን የዘይት ቅባት አይተው ደንግጠው መጡ። የተረፈው ነው፤ ጥግ ጥጉ የቀረው ቀስ እያለ ይወጣል። ጠረግነው፣ ውሃው የደረሰበት ላይ ምልክት አድርገን ሸኘናቸው። ውሃው ከምልክቱ ዝቅ አላለም፣ ቅባቱም አልተመለሰም።