መድኃኒቱን ሳልጥል የምሰጠው ምስክርነት

የልጄ ችፌ በአንድ ሌሊት አልጠፋም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሆን ብዬ ነው። ምስክርነት ሲባል ብዙዎቻችን የምንጠብቀው "ተጸለየለት፣ ጠዋት ስንነሳ ቆዳው ጠርቶ አገኘነው፣ መድኃኒቱንም ወረወርነው" የሚለውን ነው። እንደዚያ የሆነላቸውን አልክድም። እግዚአብሔር እንደ ወደደ ያደርጋል። የእኔ ግን ሌላ ነው። የእኔ ምስክርነት ውስጥ ሐኪም አለች፣ ትልቅ ዕቃ ሙሉ ቅባት አለ፣ ክምር የጥጥ ልብስ አለ። ያም ሆኖ ጸሎቴ ተመልሷል እላለሁ።

ልጄ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ጉንጩ ላይ ሻካራ ነገር ወጣ። መጀመሪያ "የምራቁ ነው፣ ይተወዋል" ተባለ። አልተወውም። ወደ ግንባሩ ወጣ፣ ጆሮው ጀርባ ገባ፣ ከዚያ ክንዱና እግሩ ላይ ወረደ። ይደርቃል፣ ይላላጣል፣ ሲብስበት ደግሞ ውኃ ያዣል። ዳይፐሩ የሚሸፍነው ቦታ ብቻ ለስላሳ እንደሆነ ቀረ። ያ ነገር ይገርመኝ ነበር። ለካ የችፌ ጠባዩ ነው፤ እዚያ አካባቢ ያለው ቆዳ እርጥበት ስለማያጣ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ሌላም ያደናገረኝ ነገር ነበር። ስልኬ ላይ የማገኛቸው የችፌ ፎቶዎች ሁሉ ቀይ ናቸው። የእኔ ልጅ ጠይም ነው። እሱ ላይ ቀይ የሚባል ነገር አይታይም። ጠቆር ያለ፣ አንዳንዱ ቦታ ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ በእጅ ሲዳሰስ አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስል ነገር ነው ያለው። ስለዚህ "ችፌ አይደለም ይሆናል" እያልን ቆየን። ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ልጆች እናቶች ይህን ልብ በሉ። በዓይን ከምታዩት ይልቅ እጃችሁ የሚነግራችሁን እመኑ።

የሚያሰቃየው መልኩ አይደለም። ማሳከኩ ነው። በእጁ ማከክ ገና ያልቻለ ሕፃን ሲያሳክከው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደረቴ ላይ ሳስተኛው ጉንጩን ልብሴ ላይ ግራና ቀኝ ይፈትገዋል። ሳስቀምጠው አንዱን እግር በአንዱ እግር ያሻል። ትንሽ አደግ ሲል እጁን ማዘዝ ቻለና ባሰው። ጠዋት አንሶላው ላይ የደም ጠብታ እናገኛለን። ጠብታዋ ትንሽ ናት፤ ግን የልጅ ደም ናት። ሲያክ ይቆስላል፣ የቆሰለው ደግሞ ይበልጥ ያሳክከዋል። ከባለቤቴ ጋር በፈረቃ ነበር የምናድረው።

ጸሎቴ እያጠረ እያጠረ መጣ። መጀመሪያ ተንበርክኬ፣ ቃል እየጠቀስኩ ነበር የምጸልየው። በኋላ "በቃ ጌታዬ" ብቻ ሆነ።

ምክሩ ደግሞ ከየአቅጣጫው ነው። አንዷ የወይራ ዘይት ቀቢው ትለኛለች። ሌላዋ ሽታው ደስ የሚል የሕፃን ሳሙና ገዝታ ትመጣለች። ወተት አቁሚ፣ እንቁላል አቁሚ፣ ለውዝ አትንኪ፤ ሁሉንም ብሰማ የምበላው አይኖረኝም ነበር። ይተላለፍብናል ብለው ልጁን ለማቀፍ ያመነቱም ነበሩ። ችፌ አይተላለፍም። አንድ ሰው ደግሞ "ቤታችሁ ውስጥ ንስሐ ያልተገባበት ነገር ይኖር ይሆን?" አለኝ። ሕፃን ልጇ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ላደረባት እናት እንዲህ አይባልም። ይኸው ነው።

አንድ ቀን ማታ የጸሎት ቡድናችን እኛ ቤት መጣ። ከመካከላቸው ሁላችንም እማማ የምንላቸው ትልቅ ሴት አሉ። "ልጄ፣ ምን ብለን እንጸልይልሽ?" አሉኝ። "ይፈወስ" እላለሁ ብዬ አፌን ስከፍት "ይተኛ" የሚል ቃል ወጣ። "እሱ ይተኛ እማማ። እኔም ልተኛ።" አንዳንዶቹ ሳቁ። እማማ አልሳቁም። እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው ሁለት ነገር ለመኑ። እንቅልፍ እንዲሰጠን፣ ደግሞ "የሚያውቅ ሰው አገናኛቸው" ብለው። ይህችን ሁለተኛዋን ጸሎት ያኔ ልብም አላልኳትም።

ቀደም ሲል ሐኪም ሳናሳይ ቀርተን አይደለም። አንድ ቦታ ሄደን ነበር። ልጁ ልብሱ እንኳ ሳይወልቅ ታየ፣ ስሙን ማንም ያልነገረን ቅባት ተሰጠን፣ "ቀጣይ" ተባለ። ከጸሎቱ በኋላ ግን ሳምንት ሳይሞላ ባለቤቴ ከሥራ ባልደረባው ስለ አንዲት የቆዳ ሐኪም ሰማ። ሄድን።

ዶክተሯ ልጁን ሙሉ በሙሉ አስወልቃ፣ በመስኮቱ ብርሃን፣ እያንዳንዱን እጥፋት በጣቷ እየዳሰሰች አየችው። ከዚያ "እናቱ፣ ቤተሰብ ውስጥ አስም ያለበት ሰው አለ?" አለችኝ። ባለቤቴ ልጅ ሆኖ አስም ነበረበት። ራሷን ነቀነቀች። ችፌ፣ አስምና የአፍንጫ አለርጂ አንድ ቤት ውስጥ አብረው መገኘት ይወዳሉ አለች። የእነዚህ ልጆች ቆዳ ውኃ ይዞ መቆየት አይችልም፤ ከውጭ የሚያስቆጣው ነገርም ቶሎ ይዘልቀዋል። ፊላግሪን የሚባል ቆዳን የሚያጠብቅ ፕሮቲን አለ። የእሱ ጂን ላይ ያለ ጉድለት ከችፌ ጋር እንደሚያያዝ እ.ኤ.አ. በ2006 ታውቋል። እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አንድ ነገር ነው፦ ከበላሁት አይደለም፣ ከበደላችንም አይደለም። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ሶፍት አቀበለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሥራዋ ደግሞ ማስተማር ነበር። ገላውን ለብ ባለ ውኃ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ። ሽታ ያለው ሳሙና የለም። ስታወጪው በፎጣ አትፈትጊው፣ ነካ ነካ አድርገሽ አድርቂው፤ ቆዳው ትንሽ እርጥበት እንደያዘ ቅባቱን ቀቢው። ሎሽን ሳይሆን ቫዝሊንን የመሰለ ወፍራም፣ ሽቶ የሌለው ቅባት ይሁን። ቢያንስ በቀን ሁለቴ፣ ቆዳው ደህና በሚመስልበት ቀንም ጭምር። ወደ ታች፣ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ። ከዕቃው ውስጥ በጣት ሳይሆን በንጹሕ ማንኪያ እየወሰድሽ፤ ጣት ጀርም ያስገባል። ከመመገቡ በፊት አፉ ዙሪያ ቫዝሊን ቢደረግ ምራቁና ምግቡ አይለበልቡትም። ጥፍሩ በአጭሩ ይቆረጥ። ሱፍ አይንካው። ልብስ አታደራርቢበት፣ ሙቀትና ላብ ያስቆጣዋል። የወይራ ዘይቱንም አስቆመችኝ፤ የቆዳን መከላከያ ያዳክማል እንጂ አይጠቅመውም አለች። ምግብ ደግሞ በግምት አይቋረጥም። ልጁ አንድ ነገር በበላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰውነቱ ሽፍ ካለ፣ ከንፈሩ ካበጠ ወይም ካስመለሰው ያኔ ሐኪም ይመርምረው።

ከዚያ ስቴሮይድ የምትለውን ቃል አነሳች፤ የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ነው። እኔና ባለቤቴ ተያየን። ስለዚህ ቅባት ያልሰማ ወላጅ የለም። "ቆዳ ያሳሳል፣ ልጁን ያበላሻል" ይባላል። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ኃይለኛው ዓይነት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ በእርግጥ ይጎዳል። እሷ ያዘዘችው ግን ቀላሉን፣ ሃይድሮኮርቲዞን 1 ፐርሰንቱን ነው፤ ለተቆጣው ቦታ ብቻ፣ ለተወሰነ ቀን። ልኩን ደግሞ በጣቴ አሳየችኝ። ከአመልካች ጣቴ ጫፍ እስከ መጀመሪያው መገጣጠሚያ ቅባቱን በመስመር አወጣች። ይህች ግማሽ ግራም ገደማ ናት፤ ከነጣቶቻቸው የሁለት አዋቂ መዳፎችን ስፋት ለሚያህል ቆዳ ትበቃለች። "በጣም እየፈሩ በጥቂቱ የሚቀቡት ልጅ ሳይሻለው ማሳከኩ ይረዝምበታል" አለችኝ።

ያን ቀን ማታ 2ኛ ነገሥት 20ን አነበብኩ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ይጸልያል፣ ያለቅሳል። እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰምቶ እንደሚፈውሰው ይነግረዋል፣ 15 ዓመትም ይጨምርለታል። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እንሰብከዋለን። ቀጥሎ ያለውን ግን ስንቶቻችን አስተውለነዋል? ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ ይላል። አምጥተው እባጩ ላይ ያደርጉለታል፣ ይድናል። ጸሎቱ ተሰምቷል፣ ተስፋው ተሰጥቷል፤ ያም ሆኖ ቆዳው ላይ የሚለጠፍ ነገር ታዘዘለት። የቅባቱን ክዳን ከፈትኩና በንጹሕ ማንኪያ ጨለፍኩ።

የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው ቆዳው ላይ አይደለም። ጥቂት ቀን እንደሆነን አንድ ጠዋት ደንግጬ ነቃሁ። ብርሃን ሆኗል። ማንም አልቀሰቀሰኝም። ባለቤቴ ቀድሞኝ ተነስቶ አልጋው ላይ አጎንብሶ የልጁን ትንፋሽ ያዳምጣል። "ተኝቷል እኮ" አለኝ። አምላኬን ያመሰገንኩት የዚያን ዕለት ነው፤ ጉንጩ ገና ሻካራ ሳለ።

ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ሄደ ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ እግሩ ላይ ያለው ቁስል ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ሠራ፣ ፈሳሽ አወጣ፣ ልጁም አተኮሰው። ዶክተሯ አስቀድማ ነግራኝ ስለነበር አላመነታሁም። በዚያው ቀን ሄድን፤ ቁስሉ ጀርም ገብቶበት ነበር፣ አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። መንገዱን ሙሉ እየጸለይኩ ነው የሄድኩት። ጸልዬ እስኪሻለው ልጠብቅ አላልኩም።

ከዚህም የባሰ አለ። ከንፈር ላይ ምች የሚያወጣው ቫይረስ ችፌ ያለበት ሕፃን ላይ ከተዛመተ አደገኛ ነው። ተጠጋግተው የሚወጡ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች፣ ትኩሳትና ሕመም ከታዩ ለነገ የማይባል ድንገተኛ ነው። ስለዚህ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ልጄን አይስምም፣ የጸሎት መሪም ቢሆን። አንድ ሁለት ሰው ተቀይሞኛል። ይሁን።

ችፌው ሲተኛ ጉንጩ ላይ ነጣ ነጣ ያሉ ቦታዎች ቀሩ። ሰው "ለምጽ ነው እንዴ?" እያለ ልቤን አወለቀው። አልነበረም። ቆዳው ከተቆጣ በኋላ ቀለሙ ለጊዜው ይሳሳል እንጂ ቁጣው ሲበርድ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ተመለሰም።

አሁን ልጄ 3 ዓመቱ ነው። ጉንጩ ጠርቷል። ችፌው ቦታ ቀይሮ ክርኑ እጥፋትና ጉልበቱ ጀርባ ላይ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፣ በተለይ አየሩ ሲደርቅ። እኛም ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ እያደጉ ሲሄዱ ይሻላቸዋል፣ አንዳንዶቹን ግን ተከትሏቸው ያድጋል። የእኔን ጨርሶ እንዲተወው ዛሬም እለምናለሁ። መለመኔም ቅባቱን አላስቆመኝም።

ባለፈው እማማ ደወሉልኝ። የአምስት ወር ሕፃን የያዘች ወጣት እናት ቤታቸው መጥታ ታለቅሳለች። ስልኩን ሰጧትና "ይተኛል ወይ?" አልኳት። አይተኛም። ማታ ተሰብስበን እንጸልይላታለን። ሐሙስ ደግሞ ዶክተሯ ጋ ቀጠሮ ይዤላታለሁ፤ አብሬያት እሄዳለሁ።