ዳዊት በቀን አምስት፣ ንስሐ አባት አንድ

ተስፋ ለቆረጠ ሰው ምክር የሚነፍገው የለም። «ጸልይ»፣ «ሱባኤ ግባ»፣ «ጸበል ሂድ» ይሉታል። ስንት ደቂቃ፣ ከየትኛው መዝሙር፣ በማን ፈቃድ የሚለውን ግን የሚናገር አይገኝም። ቀድሞ የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ ብዬ የምቆጭበትን ነው የምጽፈው። መንገዱ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነው፤ የሌላ ቤተ እምነት ክርስቲያን የዳዊቱን ክፍል ይውሰድ፣ የቀረው ለእኛ ነው።

ጸሎቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ሥርዓቱ ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሉት። መዝሙረ ዳዊትም በሳምንት ተከፍሎ ይደገማል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፣ እሑድ ጸሎተ ነቢያት፣ ማለትም በዳዊት መጽሐፍ ከመዝሙሮቹ ቀጥሎ ያለው። ይህ ለለመደ ሰው ነው። ልቡ የደከመን ሰው ሰባቱንም ጊዜ ካሸከማችሁት በጥቂት ቀን ውስጥ ያቋርጣል፤ ማቋረጡንም ከኃጢአቱ ጋር ደምሮ ይብስበታል። ማለዳና ከመኝታ በፊት ይበቃል። ሰባቱ በኋላ ይደረስባቸዋል።

እኔ የያዝኩት በቀን አምስት መዝሙር ነው። የእኛ ወር ሠላሳ ቀን ስለሆነ 150ው መዝሙር በልኩ ይገባል፤ ወር በገባ በ1 ከ1 እስከ 5፣ በ2 ከ6 እስከ 10 እያለ ይሄዳል። ቀኑን በአምስት ስታባዙ የዕለቱን የመጨረሻ መዝሙር ታገኛላችሁ። ሁለት ቀን ያመለጠው ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ውዝፍ አይከፍልም፤ ቀኑን አይቶ ይቀጥላል። ከሁሉ የምወድለት ይህንን ነው። ወር በገባ በ24 ብቻ ይከብዳል፤ 118ኛው ብቻውን 176 ቁጥር አለው። በዕብራይስጥ ፊደላት «አሌፍ»፣ «ቤት» እያለ በ22 ስለተከፈለ ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ማታ ማድረግ ይቻላል። ጳጉሜን ላይ ጸሎተ ነቢያትን አንብቡ። ቁጥሩን ግን ተጠንቀቁ፤ የምሰጠው የግዕዙን ነው። የዕብራይስጡን ቁጥር በተከተሉ እትሞች አብዛኛው መዝሙር በአንድ ይበልጣል፤ በእኛ 50 የሆነው «ማረኝ» በእነርሱ 51 ነው።

ግዕዝ የማያውቅ ሰው በዚህ ወቅት በአማርኛ ያንብብ። በግዕዝ መድገም በረከቱ ብዙ ነው ይላሉ፣ አልክድም። ነገር ግን በ9 የሚደርሰው «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» በ41ኛው ሁለት ጊዜ፣ በ42ኛው አንድ ጊዜ ይመላለሳል፤ ጥያቄው ያልገባው ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። በ18 የሚመጣውን 87ኛውንም አትዝለሉት። ያለ አንዳች መጽናኛ የሚያልቅ መዝሙር ነው፤ «እሱ ያስጨንቃል፣ እለፈው» የሚሉ አሉ። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። ጨለማውን ሳይሸፋፍኑ ለእግዚአብሔር መንገር ራሱ ጸሎት ነው፤ የተጨነቀ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት መስማት ያለበት ይህንን ነው።

ስለ ሱባኤ፦ መጀመሪያ ምግብና እንቅልፍ። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ «ነፍሴን ውሰድ» ሲል መልአኩ ስብከት አልጀመረለትም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ተኛ፣ ቀሰቀሰው፣ ደግሞ በላ። የአርባ ቀኑ የኮሬብ መንገድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍ አጥቶ የሰነበተን ሰው በጥሬ ሽንብራ ሱባኤ ግባ የሚል መካሪ ታሪኩን ከመሃል ጀምሮታል።

አሁን ወደሚያናድደው ልግባ። ንስሐ አባት ማግኘት።

በየዐውደ ምሕረቱ «ንስሐ አባት ያዙ» ይባላል። ለመያዝ የሄደ ሰው የሚገጥመው ግን ሌላ ነው። የሰበካ ጉባኤው ቢሮ «አባል ነህ? ደብተርህ የታለ?» ይላል። ደብተር ከሌለ ወርኃዊ መዋጮ፣ መዋጮ ከተከፈለ «የዚህ አጥቢያ ነዋሪ አይደለህም»። ያንን ያለፈ ሰው «አባ ከቅዳሴ በኋላ ይገኛሉ» ይባላል፤ ከቅዳሴ በኋላ አባ ፍትሐት ወይም ክርስትና ሄደዋል። በመጨረሻ ስልክ ቁጥር ይሰጠዋል። ደብተሩን የሠርግና የቀብር ጉዳይ ላይ ይጠይቁ፤ ነፍሱ ተጨንቃ ደጀ ሰላም የቆመን ሰው ግን በመዋጮ ማጣራት እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። ጥፋቱ የቀሳውስቱ ብቻ አይደለም። አንድ ቄስ ብዙ ቤተሰብ ይይዛሉ፤ ንስሐ አባትነት ከወላጅ የሚወረስ የቤት ግንኙነት ሆኖ ለዝክር፣ ጸበል ለመርጨትና ለልደት ብቻ የሚጠሩ አሉ። ቤተሰቡ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከተማው ጫፍ ሲሄድ አባ እዚያው ይቀራሉ፤ ንስሐ አባት አለኝ የሚለው ሰው ዓመት ሙሉ ሳይናዘዝ ይቀመጣል።

ስለዚህ ቢሮውን ተዉት። በአዘቦት ቀን ማለዳ የኪዳን ጸሎት አድርሱ፣ ከዚያ የትኛው ካህን እዚያው እንደቆዩ እዩ። በአዘቦት የሚገኙ ካህን በችግራችሁም ቀን ይገኛሉ። ታዋቂ ሰባኪ አትምረጡ፤ ጊዜ የላቸውም፣ ስማቸውም ያሳፍራችኋል። ለቤታችሁ የሚቀርቡ፣ ብዙ የማይናገሩ ይሻላሉ። «አባቴ፣ ንስሐ አባት የለኝም፣ ልቤ ደክሟል፣ መቼ ልምጣ?» ማለት ይበቃል። ስልክ ለቀጠሮ እንጂ ለኑዛዜ አይሆንም። በንግሥ ዕለት አትሂዱ፤ በሰሙነ ሕማማትም ይፍታህ ስለማይባል ከሆሣዕና በፊት ጨርሱ።

የምትናዘዙትን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ሂዱ፣ ሲያልቅ አቃጥሉት። ታሪክ ሳይሆን ኃጢአት ጻፉ፤ የሰው ጥፋት የሚተርክ ዐረፍተ ነገር ካለ ሰርዙት። ተስፋ መቁረጡንም በስሙ ጥሩት። ቀኖና፣ ማለትም ካህኑ ለንስሐ የሚያዙትን ጾም፣ ስግደትና ጸሎት፣ ከመቀበላችሁ በፊት ደግሞ ጨጓራ፣ ስኳር፣ እርግዝና፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ የሌሊት ሥራ ካለ ተናገሩ። እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። የሃያ ዓመት ወጣትም ጉልበቷን የሚያማት እናትም «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹም፣ አርባ አንድ ስገድ» የሚባሉበት ቦታ አለ። ቀኖና መድኃኒት ነው ካልን መጠኑ እንደ በሽተኛው ነው፤ ጾሙ በምጽዋት ወይም በጸሎት ሊለወጥ ይችላል። መቼ እንደሚጀምርና እንደሚያልቅ ጠይቁ። ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓለ ሃምሳም ስግደት እንደሌለ አስታውሱና አቆጣጠሩን አስተካክሉ። ከበዳችሁ በራሳችሁ አትቀንሱት፤ ተመልሳችሁ «አልቻልኩም» በሉ። ብዙ ሰው ተናግሮ ስለወጣ ብቻ የተናዘዘ ይመስለዋል፤ ቀኖናውን ፈጽማችሁ ተመለሱና «እግዚአብሔር ይፍታህ» ሲሉ ስሙ። ለዚህ የሚከፈል ዋጋ የለም። ዋጋ የሚጠይቅ ከገጠማችሁ ሳትከራከሩ ሌላ ፈልጉ።

ቅዱስ ቁርባን ከዚህ በኋላ ነው፤ 18 ሰዓት ጾሞ፣ ቀኑን ከንስሐ አባት ጋር ቆርጦ መቅረብ።

ጸበል መልካም ነው፣ እኔም እጠመቃለሁ። ነገር ግን «ክኒኑን ካልጣልክ ጸበሉ አይሠራም» የሚል አጥማቂ ወይም ተጠማቂ ከሰማችሁ አትቀበሉት። በጊዜው ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጋጩ፣ ሁለቱንም መውሰድ እንደሚገባ በአደባባይ ተናግረዋል፤ ለድብርት መድኃኒትም ነገሩ ያው ነው። የድብርት መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጅበታል፣ በድንገት ማቆምም ይጎዳል። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ከራቀው፣ ወይም ሞትን ከተመኘ ሰው ጋር በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። ንስሐ አባቱ አብረው ቢሄዱማ እንዴት ጥሩ ነበር።

በዐረብ ሀገር በሰው ቤት ለምትሠራ እህት ይህ ሁሉ ሩቅ ነው፤ የዕረፍት ቀን የላትም፣ መጽሐፏም ሊወሰድባት ይችላል። ለእሷ በቃል የሚያዝ ይሻላል፤ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ 22ኛውና 50ኛው መዝሙር። ዕቃ እያጠቡ ማለት ይቻላል። «ቆመሽ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረሽ» የሚላት ሰው መጀመሪያ ዕረፍት ያስገኝላት።

አንድ የቀረ ነገር። ካህናት ከደብር ወደ ደብር ይዛወራሉ፣ ለምእመኑም የሚነግረው የለም። ንስሐ አባታችሁ ገና እያሉ «ቢዛወሩ ወደ ማን ልሂድ?» ብላችሁ ጠይቁና በአካል ያገናኟችሁ። አለዚያ ቢሮው «ደብተርህ የታለ?» ብሎ እንደ አዲስ ይጀምራል።