የባለቤቴ ሰዓትና የመርከቡ ሰዓት የተስማሙበት ረቡዕ

ባለቤቴ የእጅ ሰዓቷን አትነካም። የትም አገር ትሂድ፣ እጇ ላይ ያለው የአዲስ አበባ ሰዓት ነው፤ ያውም በእኛ አቆጣጠር። አሜሪካ ልጃችን ጋ ስንከርምም እንደዚያው ነበር። "ቤቴ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም" ትላለች። ባርሴሎና ላይ አትላንቲክን የሚሻገር የሽርሽር መርከብ ላይ ስንሳፈር ሰዉ ሁሉ 8 ሰዓት ሲል እሷ 4 ሰዓት ነው ትላለች። ልጃችን በስልክ ልታስረዳት ሞከረች። "እማዬ፣ ምሳ ያመልጥሻል።" "ምሳ ካመለጠኝ እራት አለ" አለቻት። ነገሩ በዚያው ቀረ።

እንዲህ ያለ ጉዞ ከየት እንደሚገኝ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ በአጭሩ ልንገራችሁ። የአውሮፓን በጋ ሜዲትራኒያን ላይ የሚያሳልፉ ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች አሉ። እዚያ ሲበርድ አትላንቲክን አቋርጠው ወደ ካሪቢያን ይሄዳሉ። ጊዜው ጥቅምትና ኅዳር ነው። መርከቡ ለራሱ ጉዳይ መሻገሩ አይቀርም፤ ባዶውን ከሚሄድ መንገደኛ ይጭናል። የሚነካው ወደብ ጥቂት ስለሆነ ዋጋው ይቀንሳል። ይቀንሳል የሚባለው ግን ከዚያው ከመርከቡ ዋጋ ጋር ሲተያይ ነው፤ በእኛ ጡረታ የሚታሰብ አይደለም። የከፈለችው ልጃችን ናት። የአውሮፓም የአሜሪካም ቪዛ ያስፈልጋል። ስለ ቪዛው ሌላ ቀን፣ ልቤ ሲረጋጋ እጽፋለሁ።

ስታዲየም አካባቢ ማኪያቶ እየጠጣን የምንጨቃጨቅ የድሮ መርከበኞች አለን። ልሄድ ነው ስላቸው ሳቁብኝ። "ዕድሜ ልክህን ተከፍሎህ ስትጠላው የኖርከውን ባሕር፣ አሁን ከፍለህ ልታየው?" አለኝ አንዱ፣ የቀድሞ የመርከብ ወጥ ቤት ሰው።

አባባሉ ደስ ይላል፤ ግን ልክ አይደለም። እኔ ባሕሩን አላየሁትም። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቋመ። እኔ ከዚያ ብዙ ዘግይቼ ነው የገባሁት፤ ያውም ሞተር ክፍል። ሰው መርከበኛ ሲባል ቆሞ ባሕር ሲያይ የሚውል ይመስለዋል። የሞተር ክፍል ሰው ሥራው ከውሃው ወለል በታች ነው። መስኮት የለም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በጩኸቱ ምክንያት የምንነጋገረው በእጅ ምልክት ነበር። የእኔ ተራ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከቀትር እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት እረፍት፣ እንደገና አራት ሰዓት ሥራ። በእረፍቱ ይተኛል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ካርታ ይጫወታል። ባሕሩን የማየው ሲጋራ ላጨስ ስወጣ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ያ ረቡዕ ምንም ሥራ ሳይኖረኝ ባሕር ላይ ከዋልኩባቸው ቀናት አንዱ ነው። ከካናሪ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከቴነሪፍ ከተነሳን በኋላ ወደብ የለም። ቀናት ሙሉ ውሃ ብቻ።

ሳይነጋ ነቃሁ። ወደ ላይኛው ዴክ ወጣሁ። መርከበኞቹ ወለሉን በጎማ ውሃ ያጥባሉ። አንድ ፊሊፒናዊ ከጠርዙ ብረት ላይ ዝገት እየቀረፈ ነበር። መርከብ ላይ ዝገት አያልቅም፤ በዚህ በኩል ቀብተህ ስትጨርስ በዚያ በኩል ጀምሮ ይጠብቅሃል። ሞተር ክፍል ነበርኩ ስለው መዶሻውን አስቀምጦ ጨበጠኝ። "ስንት ወር ቀረህ?" አልኩት። መርከበኛ ከመርከበኛ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ወሩን ሳይሆን ሳምንቱን ቆጥሮ ነገረኝ።

መንገደኛ የሚያርፍበት ቀን ለመርከበኛው ከባዱ ቀን ነው። ወደብ ላይ ሲሆን ብዙው ሰው ወርዶ ከተማ ለከተማ ይዞራል፤ መርከቡ ይተነፍሳል። ባሕር ላይ ግን ሁሉም እዚያው ነው። ሁሉም ይበላል፣ ሁሉም ፎጣ ይፈልጋል፣ ሁሉም ሊፍት ይጠብቃል። ወደብ ላይ በቀረጥና በቁማር ሕግ ምክንያት የሚዘጉት ሱቆችና ካሲኖው እንኳ ይከፈታሉ። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የመርከበኞች የሥራ ስምምነት ለመርከበኛ በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት እረፍት ይገባዋል ይላል። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ሲቀነስ 91 ይቀራል። ሒሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ።

ቁርስ ላይ ምግቡ እንደ ጉድ ተደርድሯል። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ ግን ረቡዕ ነው። ልጃችን አስቀድማ እንስሳ ነክ ነገር እንደማንበላ ለመርከቡ ጽፋ ነበር። አስተናጋጃችን ሕንዳዊ ነው። የምስርና የሽንብራ ወጥ ከሩዝ ጋር አመጣልን። ምስሩ ጥሩ ነው። ባለቤቴ ግን ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች፤ ሚጥሚጣ። አስተናጋጁ ምንድን ነው አለ። ቅመሰው አለችው በአማርኛ፣ በእጇ እያሳየች። በጥርሱ ጫፍ ቀመሰና ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሌላ አስተናጋጅ አስከትሎ ይመጣ ጀመር፤ እሱንም እንድታስቀምሰው።

ቡናው ላይ ዝም ብል ይሻላል። ፒያሳ ቶሞካ ቆሞ መጠጣት የለመደ ሰው እዚያ የሚሰጠውን ነገር ቡና ለማለት ይቸገራል። ባለቤቴ ጀበናና ረከቦት ይዤ ካልሄድኩ ብላ ነበር። ካቢን ውስጥ ግን እሳት ብሎ ነገር የለም፤ ሻማም ዕጣንም የሚያፈላ ነገርም አይፈቀድም። ይህን ሕግ እኔ ራሴ ደግፌ አስረዳኋት። እሳት የመርከብ ትልቁ ጠላት ነው፤ ውሃ መሃል ሆኖ የእሳት አደጋ መኪና አይጠራም።

ከቁርስ በኋላ ወንበር ፍለጋ ወጣን። መዋኛው ዙሪያ ያሉት ወንበሮች ሁሉ ፎጣ ተነጥፎባቸዋል፤ ሰው ግን የለም። ባለቤቴ ቆማ አየቻቸው። "የቀበሌ ዘይት ሰልፍ ላይ ጀሪካን አስቀምጦ እንደሚሄድ ሰው ናቸው እኮ" አለች። ከኋላ በኩል፣ መዋኛ በሌለበት ጸጥ ያለ ዴክ ላይ፣ ሁለት ባዶ ወንበር አገኘን። ከዚያ አልተነሳንም።

ነጠላዋን ነፋስ እንዳይወስድባት ትፈራ ነበር። ነፋስ ግን የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱን ነገርኳት። እዚያ አካባቢ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፤ ኮሎምበስም እ.ኤ.አ. በ1492 ከካናሪ ደሴቶች ተነስቶ የሄደው በዚሁ ነፋስ ነው። ከኋላችን ስለሆነ ከእኛ ጋር አብሮ ይሄዳል። መርከቡም ነፋሱም ተቀራራቢ ፍጥነት ስላላቸው ዴኩ ላይ የቆመ ሰው ምንም አይሰማውም። "ታዲያ መርከቡ ቆሟል?" አለች። አልቆመም።

እኩለ ቀን ላይ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ይናገራል። የት እንዳለን፣ ፍጥነታችንን፣ የባሕሩን ጥልቀት። የዚያን ቀን 18 ኖት ነበር፤ በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ግድም። ቸርችል ጎዳና ላይ እንኳ የሚያስመሰግን ፍጥነት አይደለም። ግን መብራት የለ፣ ትራፊክ የለ፣ ሌሊትም አይቆምም። በአንድ ቀንና ሌሊት 800 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የጅቡቲ ባቡር መስመር 750 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ያንን በየቀኑ ጨርሰን እናልፋለን ማለት ነው። ጥልቀቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው ሲል ባለቤቴ "እንጦጦ ቢገባስ?" አለች። እንጦጦ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ግድም ነው። ማርያምም ራጉኤልም አይታዩም አልኳት። አማተበች።

ከዚያ ሰዓቷን አየች። አየችና እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። "እየው!"

12 ሰዓት ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው የመርከቡ ሰዓትም 12 ይላል።

አብራራላችኋለሁ። ወደ ምዕራብ ስትሻገር መርከቡ በየጊዜው ሌሊት ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ነው። በእንዲህ ያለ ሌሊት ቀኑ 25 ሰዓት ይሆናል፤ የዛሬ መርከበኞችም እኛም የምንወደው ነገር ነው፣ አንድ ሰዓት እንቅልፍ ይጨመራልና። ባርሴሎናና የባለቤቴ ሰዓት አራት ሰዓት ይለያዩ ነበር። ልዩነቱ እየጠበበ መጣ። የእኛ አቆጣጠር ከሌላው ዓለም ስድስት ሰዓት ስለሚቀንስ፣ አትላንቲክ መሃል ላይ ስትደርስ ቁጥሩ ይገጥማል። እዚህ ቀትር ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ምሽት 12። ሁለቱም ሰዓቶች 12 ላይ ሆነው ይታያሉ። ይህን ያህል ዘመን ባሕር ላይ ስሠራ አስቤው አላውቅም። እሷ ግን ምንም አላስደነቃት። "አልኩህ እኮ፣ ትክክል የነበርኩት እኔ ነኝ" አለች። "መርከቡ ነው አሁን የተስተካከለው።"

ወንድሟ ጋ በኢንተርኔት ደወለች። ፒያሳ ነው፣ ጊዮርጊስ ጋ ታክሲ እየጠበቀ። ረዳቱ "አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!" ይላል። ከኑር መስጊድ አዛን ይሰማል። "መሸ እኮ፣ ብርዱ አይጣል ነው" አለ። እኛ ፀሐይ አናታችን ላይ ናት፤ ባለቤቴ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ። ስልኩን አዙራ ባሕሩን አሳየችው። "ምን አለ እዚያ?" አላት። "ምንም የለም። ደስ ይላል" አለችው። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገባች፤ የውሃ ታንከሩ ሞልቷል ወይ፣ ውሻው በልቷል ወይ።

ከሰዓት በኋላ የጠርዙን ብረት ተደግፈን ቁልቁል እያየን ነበር።

"አንተ የት ነበር የምትሠራው?" አለችኝ።

ወደ ታች ጠቆምኩ። "ውሃው የሚነካው መስመር ይታይሻል? ከሱ በታች።"

ረጅም ጊዜ አየች። "መስኮት አልነበረውም?"

"አልነበረውም።"

"ታዲያ በደብዳቤህ ሁሉ ባሕሩ ሰማያዊ ነው፣ ዓሣው ከውሃ ወጥቶ ይበራል እያልክ የምትጽፍልኝ?"

"ሲጋራ ላጨስ ስወጣ ያየሁት ነው።"

"እኔ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ አነብላቸው ነበር!" ትከሻዬን በቡጢ መታችኝ።

ዓሣው ግን እውነት ነው። አሳየኋት። ከመርከቡ ፊት ደንግጠው በመንጋ ይወጣሉ፣ ክንፍ የመሰለ ነገራቸውን ዘርግተው ከውሃው በላይ ይንሳፈፋሉ፣ ከዚያ ጥልቅ ይላሉ። ቢጫ የባሕር አረምም አለ፤ ሳርጋሱም ይባላል። ሥር የለውም፣ ነፋሱ እየነዳው ረጅም መስመር ሠርቶ ይሄዳል። ሰማያዊውን ቀለም ግን ምን ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም። ድሮ በደብዳቤ ሰማያዊ ብዬ የጻፍኩት ከዚያኛው ጋር አይገናኝም። አንድ ወጥ አይደለም። ደመና ሲያልፍ ይጠቁራል፣ መርከቡ ሲቆርጠው ይነጣል፣ ወዲያው መልሶ ይገጥማል። ይህን እያየሁ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። መጽሐፍ ይዤ ነበር፤ አልከፈትኩትም። መዋኛው ጋ የሙዚቃ ውድድር አለ ተባለ፣ የቢንጎ ጨዋታ አለ ተባለ። አልሄድንም።

ጫማዬን አውልቄ እግሬን ወለሉ ላይ አደረግሁ። ንዝረቱ ይሰማል፤ ግን ስስ ነው። የእኛ ጊዜ መርከብ አንድ ግዙፍ ሞተር ነበረው፣ ቀጥታ ፕሮፔለሩን ይዞ በደቂቃ 100 ጊዜ ግድም የሚዞር። ምቱን በሕልምህም ትሰማዋለህ፤ ከተዛባ ተኝተህም ትነቃለህ። የዛሬዎቹ ሞተሮች ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፣ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ያ ኤሌክትሪክ ነው። የሻወሩም ውሃ ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ አንዱ ዘዴ በሞተሩ ሙቀት ጨዋማውን ውሃ ማትነን ነው። ባለቤቴ ይህን ስነግራት እንቅልፍ ወስዷት ነበር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ኖሮ ባሕር ወለል ላይ የወረደ ሰው እንዲህ ነው፤ አየሩ ይጥመዋል፣ ይተኛል።

ማታ መልበሻ ሌሊት የሚሉት ነበር፤ ሁሉም ሱፍና ረጅም ቀሚስ ለብሶ እራት የሚበላበት። ባለቤቴ የሀበሻ ቀሚሷን ለበሰች፣ ሽሮ ሜዳ ያሠራችውን። ሊፍት ውስጥ አንዲት ሴትዮ ጥልፉን ነካ አድርጋ አደነቀች። መተላለፊያው ላይ ሦስት ሰው ፎቶ አብረን እንነሳ አለን። እኔ ከጎኗ እንደ ጠባቂ ቆምኩ።

ካቢናችን ስንመለስ አልጋው ላይ ከፎጣ የተሠራ ዝሆን ተቀምጧል። አጠገቡ ወረቀት፤ ዛሬ ሌሊት ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሱ ይላል። ባለቤቴ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ዝሆኑን ግን አላፈረሰችውም፤ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

"ነገስ ምን አለ?" አለች ነጠላዋን እያጣጠፈች።

"ባሕር።"

"ከነገ ወዲያስ?"

"ባሕር።"

"በል መብራቱን አጥፋ፣ በጠዋት ወንበራችንን እንዳይወስዱብን።"