የሾፌሩ መልስ

በቡልጋሪያ ዋና ከተማ ሶፊያ ኤርፖርት የስኪ (የበረዶ ሸርተቴ) መንገደኞችን እየተቀበልኩ በአውቶቡስ ተራራ ላይ ወዳለችው የስኪ ከተማ ባንስኮ መላክ በጀመርኩበት ወቅት የሆነ ነገር ነው። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ቅዳሜ ነበር። እዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው የበረዶ ወቅት ቅዳሜ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ሳምንቱን የጨረሰው ከተራራ ይወርዳል፣ አዲሱ ይወጣል። አውቶቡስ አይቆምም። በዚያ ላይ ጉም። ሶፊያ በተራሮች የተከበበች ሜዳ ላይ ነው ያለችው። ነፋስ ሲጠፋ ቀዝቃዛው አየር እታች ይተኛል፣ ጉሙም አብሮት ይቀመጣል። ባንስኮ ግን ፀሐይ ነው። መንገደኛው ስልኩ ላይ የተራራውን ካሜራ እያየ «ሰማዩ እኮ ጥርት ብሏል፣ ለምን ዘገየን?» ይላል። አልፈርድበትም።

ከሰዓት በኋላ ከለንደን የሚመጣው በረራ ሶፊያ ማረፍ አቅቶት ሌላ ከተማ፣ ፕሎቭዲቭ አረፈ። በመኪና ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጊቢው ውስጥ የቀረኝ አንድ አውቶቡስ ብቻ ነው። ሾፌሩ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። ሮጬ ሄድኩና ጠየቅኳቸው።

«ፕሎቭዲቭ ሄደው፣ ሰዎቹን ጭነው ባንስኮ ለመድረስ ሰዓት አለዎት?»

አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ። አንዴ ብቻ። ቃል አልተናገሩም።

እኛ አገር ሰው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ራሱን ወደ ላይ ቀና ካደረገ «አዎ» ማለቱ ነው። ቡልጋሪያ ውስጥ ይኼው እንቅስቃሴ «አይሆንም» ነው። «አዎ» ሲሉ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛሉ። ይህን ገና አገሩን እንደረገጥኩ ነግረውኛል። አውቀዋለሁ። ጥድፊያ ሲመጣ ግን ዓይኔ ያነበበው በአገሬ ልማድ ነው።

እሳቸው ደግሞ «ለቢሮ ትነግራቸዋለህ?» አሉኝ። እኔም እንደ ቤቴ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ «እህ» አልኳቸው። ተስማምተን ተለያየን።

ለአለቃዬ ደውዬ አውቶቡሱ እየሄደ ነው አልኳት። ከ50 ደቂቃ በኋላ ፕሎቭዲቭ ያለችው ባልደረባችን ደወለች። ሕፃናት አሉ፣ የስኪ ሻንጣው መተላለፊያውን ዘግቶታል፣ አውቶቡሱ የት ደረሰ? በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። አውቶቡሱ ቦታው ላይ ነው። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆመው ቡና ይጠጣሉ።

«ለምን አልሄዱም?» አልኳቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የተናገርኩት። ይህ አሁንም ያሳፍረኛል።

«የለኝም አልኩህ እኮ። አንተም እሺ አልከኝ።»

ወደ ጋቢናው ይዘውኝ ገቡና ታኮግራፉን፣ የመንዳት ሰዓት የሚመዘግበውን መሣሪያ፣ አሳዩኝ። ከንጋት ጀምሮ ከባንስኮ ሶፊያ፣ ከሶፊያ ባንስኮ፣ ደግሞ ተመልሰው ሶፊያ። በየጉዞው ወደ 160 ኪሎ ሜትር፣ በድምሩ ሰባት ሰዓት ተኩል መሪ ላይ። በአውሮፓ ሕግ የአንድ ሾፌር የቀን ገደብ 9 ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ 10 ይፈቀዳል። እኔ የጠየቅኳቸው መንገድ ብቻውን ከአራት ሰዓት በላይ ነው። የመጨረሻው ክፍል ደግሞ በቬሊንግራድና በዩንዶላ በኩል ነው፤ ተራራ፣ መታጠፊያ፣ ማታ ላይ የሚያንሸራትት በረዶ። ከኋላቸው ደግሞ ሕፃናት ሊቀመጡ ነው። እንኳን እምቢ አሉ።

ከዚያው ከፕሎቭዲቭ አውቶቡስ ተፈልጎ ተገኘ። ሰዎቹ ባንስኮ የገቡት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

የባሰው የመጣው በሪፖርቱ ነው። አለቃዬ «ሾፌሩ ለመሄድ ፈቃደኛ አልሆኑም» ብላ ጻፈች። እኔ ያን ምሽት አነበብኩት። ስህተት መሆኑን እያወቅኩ፣ ደክሞኝ ነበርና ኮምፒውተሩን ዘግቼ ቤቴ ሄድኩ። እሑድም ዝም አልኩ። ሰኞ ጠዋት ሄጄ «ጠይቄያቸው አይሆንም ብለውኛል፣ ያልገባኝ እኔ ነኝ፣ ሰዓትም አልነበራቸውም» አልኳት። ጽሑፉ ተስተካከለ። የዚያ ቀን አበላቸው ግን ቅዳሜ ማታ ተቆርጦ አልቆ ነበር። ጉሙ የማንም ጥፋት አይደለም፣ የአንገቱም ነገር ይሁን። ያቺ የሁለት ቀን ዝምታ ግን የኔ ናት።

ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሰሙኝ፣ ትከሻዬን መታ አደረጉኝና ሻንጣ መጫን ቀጠሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ጊቢ ተገናኘን። «ዛሬ ለሁለተኛው ጉዞ ሰዓት አለዎት?» አልኳቸው። አንገታቸውን አላንቀሳቀሱም። ዓይኔን እያዩ፣ ጮክ ብለው «ዳ» አሉኝ። አዎ ማለት ነው።

አበሉን በየወሩ መጨረሻ ሒሳብ ክፍል እየሄድኩ ስጠይቅ ወቅቱ አለቀ። አልተመለሰላቸውም።