ሳትኮርጁ «ኮርጃችኋል» ስትባሉ

ሜሪላንድ ውስጥ ሌሊት አረጋውያን መንከባከቢያ እየሠራሁ ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እማራለሁ። ይህን የምጽፈው በአማርኛ እያሰባችሁ በእንግሊዝኛ ፔፐር ለምትሠሩ እህት ወንድሞቼ ነው። በራሳችሁ ላብ የሠራችሁት ሥራ የእናንተ አይደለም ሊባል ይችላል፤ ያን ጊዜ እንባ ማስረጃ አይሆንም።

እኔ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። ለእንግሊዝኛ ክላስ ያስገባሁትን ፔፐር፣ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተጻፈን ጽሑፍ ይለያል የሚባለው ሶፍትዌር «አብዛኛው በኤአይ የተጻፈ ነው» አለ። ፕሮፌሰሩ ጠርቶ እንኳን ሳያናግረኝ ዜሮ ሰጥቶ ጉዳዩን ለዲን ቢሮ አስተላለፈው። ኢሜይሉን ያነበብኩት ከፈረቃ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነበር።

በኋላ ሳጣራ ነገሩ ገባኝ። እነዚህ የኤአይ መለያ ሶፍትዌሮች ከሚመዝኑት አንዱ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ምን ያህል የሚገመት መሆኑን ነው። እኛ ደግሞ በ«ፈርስት ኦፍ ኦል» ጀምሮ፣ በ«ፈርዘርሞር» ቀጥሎ፣ በ«ኢን ኮንክሉዥን» መዝጋትን ለማትሪክ ሸምድደን ያደግን ነን። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ተፈታኞች የጻፏቸውን 91 የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶች በሰባት መለያዎች ፈትሸው፣ በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በስህተት «የማሽን ነው» ተብለዋል። የአሜሪካ የ8ኛ ክፍል ልጆች ድርሰት ግን ከሞላ ጎደል በትክክል ተለይቷል። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ራሱ የሠራውን መለያ በዚያው ዓመት በጁላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አነሳው፤ በኦገስት ደግሞ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ቱርኒቲን የተባለውን የኩረጃ መፈተሻ ሶፍትዌር የኤአይ መለያ ዘጋ። ቱርኒቲንም ቢሆን ውጤቱ ብቻውን ተማሪ መቅጫ እንዳይሆን ያሳስባል። ይህችን ያዟት፤ ስትጠየቁ በትሕትና ተናገሯት።

እኔን ያወጣኝ ግን ጥናቱ አይደለም። ፔፐሩን ከመጀመሪያው የጻፍኩት ጉግል ዶክስ ላይ ስለነበር፣ ለዲኗ «ቨርዥን ሂስትሪ»ውን፣ ማለትም መቼ ምን እንደጻፍኩና እንደቀየርኩ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ከፈትኩላት። አንድ በአንድ አየችው፦ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በእረፍቴ የጨመርኩት አንቀጽ፣ ሁለቴ አፍርሼ የጻፍኩት መግቢያ፣ እንግሊዝኛው ሲጠፋብኝ መሃል ላይ በአማርኛ ያስቀመጥኩት ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ በማግስቱም ቃል በቃል እየታገልኩ ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው። ፊደላችንን በጣቷ ጠቁማ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ክሱ ተነሳ።

ስለዚህ ሌላ ቦታ ጽፋችሁ በአንዴ አትለጥፉ፤ እዚያው ጀምራችሁ እዚያው ጨርሱ። የእጅ ማስታወሻችሁንና ያነበባችሁትን ሊንክ ውጤት እስኪወጣ አትጣሉ። ግራመርሊን (የእንግሊዝኛ ሰዋስው አራሚውን) እና ጉግል ትራንስሌትን በተመለከተ አንዱ አስተማሪ የሚፈቅደውን ሌላው እንደ ኩረጃ ያየዋል። ሲለበሱ (የኮርሱ መመሪያ) ላይ ካልተጻፈ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ።

የቴሌግራም ግሩፕም አለ። የኩዊዝ ጥያቄ በስክሪንሾት ሲለጠፍ ዝም ብሎ መመልከት እንኳ ስማችሁን ክስ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። አገር ቤት የተቸገረ ጓደኛን «አይሆንም» ማለት ክፋት ነው፤ እዚህ ግን ብዙ ጊዜ ሰጪም ተቀባይም እኩል ይጠየቃሉ። ጓደኛችሁን ቁጭ ብላችሁ አስረዱት፣ ፋይሉን ግን አትላኩለት።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ስብሰባው ላይ የሚሆነው ነው። እኛ ታላቅ ሲቆጣ አንገት ደፍቶ ይቅርታ መጠየቅን ጨዋነት ብለን ተምረናል። መምህር ፊት መከራከር ዓይን አውጣነት ነው። እዚያ ቢሮ ውስጥ ግን የደፋችሁት አንገት የጥፋተኛ አንገት ይመስላል፤ ያላችሁት ይቅርታም እንደ እምነት ቃል ሊመዘገብ ይችላል። አንድ የማውቀው ልጅ የሰጡትን ፎርም «ደርሶኛል» ማለት መስሎት ፈረመ፤ ፎርሙ «ጥፋቱን እቀበላለሁ» የሚል ነበር። ምንም ሳይኮርጅ ክላሱን ወደቀ፣ መዝገቡም ላይ ተጻፈበት። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ወረቀት ከሰጧችሁ ወደ ቤት ወስዳችሁ ለማንበብ ጊዜ ጠይቁ። ማስረጃው ምን እንደሆነ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ፈርፓ የሚባለው የ1974 ሕግ ስለራሳችሁ የተያዘውን የትምህርት መዝገብ የማየት መብት ይሰጣችኋል። የይግባኝ ቀኑ ብዙ ቦታ አጭር ነው፣ በሥራ ብዛት አታሳልፉት። በኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ከትምህርት መታገድ ቪዛችሁንም ስለሚነካ፣ ምንም ነገር ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ሄዳችሁ ተማከሩ።