ከእግሬ በታች የመጣው ድምፅ

ጌታ ያደረገልኝን ልመስክር ብዬ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ስለ አሞራ ሳላወራ መመስከር ስለማልችል ነው መሰለኝ። እንግዲህ ታገሱኝ።

አራት ተማሪዎች ነበርን። ለመመረቂያችን ስለ አዳኝና ጥንብ አንሳ አሞራዎች ዘጋቢ ፊልም ልንሠራ ተራራ ላይ ወጣን። የቀረን አንድ ወፍ ነው፤ አጥንት ሰባሪው። ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 2.8 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሌሎቹ ሥጋውን ጨርሰው ሲሄዱ እሱ ለአጥንቱ ይመጣል። ትንሹን እንዳለ ይውጠዋል። ትልቁን በእግሩ ይዞ ሽቅብ ይወጣና ድንጋይ ላይ ይለቀዋል። አልሰበር ካለው ያነሳና ይደግመዋል። እኛ የፈለግነው ያችን ቅጽበት ነበር፤ አጥንቱ ከእግሩ ስትለቀቅ።

ሦስት ቀን ጠበቅን። የቀረፅነው ባዶ ሰማይ ነው። ብርድ ባትሪ ስለሚጨርስ ማታ ማታ ባትሪዎቹን አቅፈን እንተኛ ነበር። ጠዋት ስነሳ የምጸልየው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጌታ ሆይ፣ አንዲት ሾት!» ጠብቀን እንኳን አላልኩም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በነገራችን ላይ፣ ንስር 40 ዓመት ሲሞላው ምንቃሩን በድንጋይ ሰብሮ፣ ላባውን ነቅሎ ይታደሳል የሚባለውን ስብከት ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም አሜን ብዬበታለሁ። ለፊልሙ ስናነብ ነው ተረት መሆኑን ያወቅኩት። ላባው በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ይቀየራል እንጂ ምንቃሩን የሰበረ ንስርማ በረሃብ ያልቃል። ኢሳይያስ «እንደ ንስር በክንፍ ይወጣሉ» ያለው ግን ቦታው ላይ ቆሜ ሳየው ገባኝ። እነዚህ ትልልቅ ወፎች ሲወጡ ክንፋቸውን ብዙም አያራግቡም። ዘርግተው ይይዙታል፤ ገደሉን መትቶ ሽቅብ የሚወጣው ነፋስ ነው የሚያነሳቸው።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ጓደኞቼ ሳይነሱ ብቻዬን ወጣሁ። ወደ ገደሉ ጫፍ ብቻውን ማንም አይሄድም የሚለውን ሕግ ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ካሜራው ቦርሳዬ ውስጥ፣ ባለሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ፣ ትራይፖዱ፣ ትከሻዬ ላይ፣ የድምፅ መቅጃው አንገቴ ላይ። የአካባቢ ድምፅ ይቀዳልኝ ብዬ ከፍቼዋለሁ።

ጉሙ ከየት እንደመጣ አላየሁም። በደቂቃዎች ውስጥ የዘረጋሁት እጄ አልታይ አለኝ። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ባለሁበት ቁጭ ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ድንኳኑ በግራ በኩል ነው ብዬ ሄድኩ። ሣሩ እርጥብ ነው። አንዴ እግሬ አዳለጠኝና ልቤ ተሰቀለ። ያኔ ሾቷ ከነጭራሹ ጠፋችብኝ። «ጌታ ሆይ አድነኝ» ብቻ ነው ያልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ብዬም ቀኝ እግሬን አነሳሁ። ወዲያው አንድ ድምፅ መጣ። ሿ... አለ፤ ትልቅ ሸራ ቀስ ብሎ ሲቀደድ ዓይነት። ነፋስ መሰለኝ። ግን የመጣው ከፊቴ አይደለም፣ ከላዬም አይደለም። ከእግሬ በታች ነው።

ክንፍ ከእግርህ በታች የሚሰማህ የት ብትቆም ነው?

እግሬን መልሼ ዝርፍጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ትራይፖዱን ወደ ፊት ገፋ ሳደርገው እግሩ የሚነካው ነገር አጣ። ከዚያ ጉሙ ትንሽ ተከፈተ። አጥንት ሰባሪው ከሥሬ ወጣ። ጀርባውን አየሁት፤ ጥቁር ግራጫ። ሲያልፈኝ አንገቱን ዘወር አድርጎ አየኝ፤ ዓይኑን የከበበው ቀይ ቀለበት ሁሉ ታየኝ። በእኔና በገደሉ መካከል አንድ እርምጃ ነበር የቀረው። ጉሙ ተመልሶ ዘጋው።

ጓደኞቼ እየተጣሩ እስኪያገኙኝ ድረስ ከዚያ ቦታ አልተነቃነቅኩም። አንደኛዋ አቅፋኝ አለቀሰች፣ ቀጥላ እስኪበቃኝ ተቆጣችኝ።

ከመካከላችን አንዱ «ነፋሱ ሲነሳ ወፉም ተነሳ፣ በቃ» ይለኛል። ነፋሱንማ እኔም አውቀዋለሁ፣ ስክሪፕቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግን እግሬ በአየር ላይ ሳለ ነው የተነሳው። እኔ ጌታ ነው እላለሁ። እሱም ከዚያ ወዲህ ብዙ አይከራከረኝም።

የለመንኳት ሾት እስከ መጨረሻው አልተገኘችም። ኤዲት ስናደርግ ግን ድምፅ መቅጃውን ከፈትነው። ትንፋሼ አለ። «አድነኝ» አለ። ሿ... አለ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ቃሌን ቆርጠን አውጥተን ሌላውን በጥቁር ስክሪን ላይ አስገባነው።

ፊልሙ የታየ ቀን ከመምህራኑ አንዱ እጁን አወጣ።

«ያ ድምፅ ምንድነው?»

«ክንፍ ነው» አልኩት።

«ምስሉስ?»

«ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ነበር።»