አራት ቁጥር ባቡር ላይ ማን ምን ለበሰ?

ፓሪስ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ከሻንጣዬ ምርጤን አወጣሁ። የሚያብረቀርቅ ቀሚስ፣ ባለ ረጅም ታኮ ጫማ፣ ስሙ በትልልቅ ወርቃማ ፊደላት የተለጠፈበት ቦርሳ። መስታወት ፊት ዞር ዞር አልኩና «አሁን ሰው መሰልኩ» አልኩ። እቴቴ በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ምንም አላለችም። ዝም ስትል ደግሞ አውቃታለሁ።

እቴቴ የአክስቴ ልጅ ናት። በዕድሜ እናቴን ልትሆን ምንም አይቀራት። እዚህ ከተማ ከገባች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ሥራዋ ልብስ ማስተካከል ነው፤ ታሳጥራለች፣ ታጠባለች፣ ገበር ትቀይራለች፣ ዚፕ ትተካለች። ልብስ ስታይ ገልብጣ ከውስጡ ነው የምትጀምረው። መንገድ ላይ እንኳ የማታውቃትን ሴት ካፖርት ገልብጣ ማየት ያምራታል።

የዚያን ቀን ከሴን ወንዝ በስተደቡብ ያለ አንድ ሱቅ ገባን። ስሙ ይቆየኝ። ጥበቃው ገና ከበሩ ጫማዬን አየ። ፊቴን አላየም፣ ጫማዬን ነው ያየው። ሻጯ ሦስት እርምጃ ከኋላዬ እየተከተለች የነካሁትን ሁሉ መልሳ ታስተካክል ጀመር። በዚህ መሀል አንዲት ሴትዮ ገቡ። ስልሳ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። ያረጀ የሚመስል ሰማያዊ ሹራብ፣ ጠፍጣፋ ጫማ፣ ምንም ያልተቀባ ፊት። ሽበታቸውን እንኳ አልደበቁም። ሻጯ እኔን ጥላኝ እየተሽቆጠቆጠች ወደ እሳቸው ሄደች።

ስንወጣ ደሜ ፈልቶ ነበር። «እኔ ከሴትዮዋ የተሻለ ለብሼ የለ እንዴ?»

«ለብሰሻል እንጂ። እሱ ነው ያጋለጠሽ» አለችኝ እቴቴ። «ሹራባቸው ካሽሚር ነው፣ ውድ የፍየል ሱፍ። ትከሻው ላይ ያለውን ስፌት አየሽው? አታዪውም። ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የተሠራው።»

ማታ ታኮ ጫማዬን ሻንጣ ውስጥ መለስኩና በቀሩኝ ቀናት የማደርገውን ወሰንኩ። ሙዚየም ለሙዚየም ከመዞር አራት ቁጥር ሜትሮ እየተሳፈርኩ ሴቶች የለበሱትን አያለሁ። ይህ መስመር ከሰሜን ከፖርት ደ ክሊኛንኩር ተነስቶ ከተማዋን ሰንጥቆ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በ2022 ደግሞ ባኞ ድረስ ተራዝሟል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ሰሜን ላይ የሠራተኛና የስደተኛ ሰፈር ነው። ወንዙን ተሻግሮ ሳን ዠርማን ደ ፕሬ ሲደርስ የባለጸጋ። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚወጣና የሚገባውን ማየት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሻቶ ሩዥ ወረድኩ። ገና ከጣቢያው ደረጃ ላይ ቀለም ተቀበለኝ። ቅዳሜ ነበር። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሴቶች ዋክስ በሚባለው ጨርቅ ተውበው፣ ከዚያው ጨርቅ ራሳቸው ላይ አስረው፣ መንገዱን ሞልተውታል። ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሁሉም በአንድ ቀሚስ ላይ። «ይጮኻል» አልኩ በሆዴ። ወዲያው ደነገጥኩ። ትናንት ሻጯ ስለ እኔ ያለችው ይህንኑ ሳይሆን ይቀራል?

እቴቴ አንድ የጨርቅ ሱቅ ይዛኝ ገባች። ለካ ይህ «አፍሪካዊ» ጨርቅ ብዙ አገር ዞሮ ነው የመጣ። ሥሩ የኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ባቲክ፣ በሰም እየተነደፈ የሚነከር ጨርቅ ነው። ደቾች በማሽን ሊያስመስሉት ሞከሩ፤ ጨርቁ ግን ልቡን ያገኘው ምዕራብ አፍሪካ ላይ ነው። ስሙ የገነነው ፍሊስኮ የተባለው አምራች ከ1846 ጀምሮ ያለው ሄልሞንድ በምትባል የኔዘርላንድ ከተማ ነው። የቶጎዋ ዋና ከተማ ሎሜ ላይ ይህን ጨርቅ ሲነግዱ የበለጸጉት ሴቶች ደግሞ መርሴዲስ ቤንዝ ስለሚነዱ «ናና ቤንዝ» ተባሉ።

እኔ ግን ጠርዙ ነው የገረመኝ። እውነተኛው የሆላንድ ዋክስ ጠርዙ ላይ እውነተኛ ስለመሆኑ ጽሑፍ ታትሞበታል። ገበያው በቻይና አስመስሎ በተሠራ ርካሽ ሞልቷል፤ ከሩቅ ለእኔ ዓይን አንድ ናቸው። ሱቁ ውስጥ የነበረች አንዲት ደልደል ያለች ሴት ቀሚሷን ስታሰፋ ያ ጽሑፍ ያለበትን ጠርዝ አላስቆረጠችውም። ከታች እንዲታይ አስተርፋዋለች። እቴቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «አየሽ፣ ይቺም የራሷ ካሽሚር አላት» አለችኝ።

ከሻቶ ሩዥ ባርቤስ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። እዚያ ጥግ ላይ ያለውን ትልቅ ሕንጻ እቴቴ ቆማ አየችው። ታቲ የነበረበት ነው። ዡል ዋኪ የሚባል የቱኒዚያ ተወላጅ በ1948 የከፈተው ርካሽ የልብስ መደብር ነበር። ስሙ የእናቱ ቅጽል ስም «ቲታ» ተገልብጦ ነው። ልብሱ በየሳጥኑ ተቆልሎ እየተጋፉ ያገላብጡት ነበር። ፌስታሉ ሮዝና ነጭ ዳማ ዳማ ነበር፤ ከሩቅ ይታወቅ ነበር። እቴቴ የመጀመሪያዋን የክረምት ካፖርት የገዛችው እዚህ ነው።

«ፌስታሉን ሌላ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ነው ባቡር የገባሁት» አለችኝ እየሳቀች። «ካፖርቱ አላሳፈረኝም፣ ያሳፈረኝ ዳማው ነው።»

ብዙም ሳይቆይ፣ በ1991፣ ታዋቂው የልብስ ዲዛይነር አዜዲን አላያ ያንኑ የታቲ ሮዝ ዳማ ወስዶ ለመድረክ የሚሆን ልብስ ሠራበት። አላያም የቱኒስ ልጅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ልብሱን የሚገዙት የዓለም ሀብታሞች ነበሩ። ለታቲም በዚያው ዳማ ቦርሳና ቲሸርት ሠራለት። እቴቴ የደበቀችው ዳማ ሽክ ሆኖ መጽሔት ላይ ወጣ። «ታዲያ ፌስታሉን አውጥተሽ ያዝሽው?» አልኳት። «ሞኝ ነሽ እንዴ? እኔ ብይዘው ያው ታቲ ነው።» መደብሩ በ2021 ተዘግቷል።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ወጣ ብለን ሩ ለፒክ የሚባለውን አቀበት ሄድን። ሞንማርትር ኮረብታ ላይ ያለ የገበያ መንገድ ነው። ዛሬ ጎብኚ ይርመሰመስበታል። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1947 የልብስ ዲዛይነሩ ክርስቲያን ዲዮር በአቬኑ ሞንታኝ 30 ቁጥር የመጀመሪያውን ስብስቡን አሳየ። ወገቡ የጠበበ፣ ጉርዱ ሜትር በሜትር ጨርቅ የፈሰሰበት። ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ሕዝቡ ገና በራሽን ነው የሚኖረው። በዚያው ዓመት ያንን ልብስ ያደረገች ሞዴል እዚህ ገበያ ላይ ፎቶ ልትነሳ ስትመጣ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ቀሚሱን ከላይዋ ላይ ቀደዱት። ፎቶው ዛሬም አለ። ጸጉሯን ይዘው ይጎትታሉ። ሞዴሏ አሳዘነችኝ። ጎታቾቹም አሳዘኑኝ። ልጇን የምታለብሰው ያጣች ሴት ፊት ያን ሁሉ ጨርቅ ይዞ መምጣት ምን ይባላል?

በማግስቱ ሬዮሙር ሴባስቶፖል ወረድን። አካባቢው ሳንቲዬ ይባላል፤ ለረጅም ጊዜ የልብስ ስፌት ሰፈር ነበር። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዶች፣ ከዚያ የሰሜን አፍሪካ ሰዎች፣ ቱርኮች፣ ቻይናዎች ተራ በተራ የስፌት መኪና ላይ ተጎንብሰውበታል። እቴቴም መጀመሪያ ላይ እዚህ ሰፍታለች። «ጠዋት ለርካሹ፣ ከሰዓት ለውዱ» ትላለች። «እጁ ያው እጅ ነው። መጨረሻ ላይ የምንሰፋው ታግ ነው የሚለያየው።»

ታግ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው ሳምንት ሁለት ደንበኛ መጥተውላት ነበር። አንዷ ከውድ ካፖርቷ ላይ የሠሪው ስም ያለበትን ታግ እንድትፈታላት ነው የመጣችው፤ አንገቴን ይበላኛል አለች። ሌላዋ ከአሮጌ ጃኬት የፈታችውን ስም በእጇ ይዛ አዲሱ ጃኬቷ ላይ እንድትሰፋላት። «ሁለቱንም ሠራሁ። የሁለተኛዋን ግን ቀጥ አድርጌ ሰፋሁላት፣ እንዳይነቃባት።» በነገራችን ላይ ቀሚስ ላይ ስሙን መስፋት ያስለመደው ቻርለስ ፍሬደሪክ ዎርዝ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በ1858 ሩ ደ ላ ፔ ላይ ሱቅ ከፍቶ የናፖሊዮን ሦስተኛን ሚስት፣ እቴጌ ኦይጂኒን አለበሰ። ከዚያ በፊት ልብስ ሰፊ ቤት ድረስ ተጠርቶ የሚታዘዝ ሰው ነበር። ከእሱ በኋላ ግን ወይዛዝርቱ ራሳቸው ሱቁ ድረስ ይሄዱ ጀመር።

ሲቴ ጣቢያ ስንደርስ የወጣሁት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። የፓሪስ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። በ1800 በወጣ ደንብ ሱሪ ለብሳ መውጣት የፈለገች ሴት ከፖሊስ ፈቃድ ማውጣት ነበረባት። ሠዓሊዋ ሮዛ ቦነር እንስሳት ለመሣል የከብት ገበያ መሄድ ስለነበረባት ይህን ወረቀት አውጥታለች፤ የሐኪም ፊርማ ሁሉ ያስፈልገው ነበር። በ1892 እና በ1909 ደንቡ ትንሽ ላላ፤ የብስክሌት መሪ ወይም የፈረስ ልጓም ለያዘች ሴት ሱሪ ተፈቀደ። ደንቡ ዋጋ እንደሌለው በይፋ የተነገረው በ2013 ነው። እኔ ጂንስ ለብሼ ነበር። ብስክሌት አልያዝኩም። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ቀና ብሎም አላየኝ።

ድሮ ማን ምን እንደሚለብስ ጭራሽ በሕግ ነበር። የፈረንሳይ ንጉሥ ፊሊፕ አራተኛ በ1294 የከተማ ነጋዴ ሚስት ኤርሚን የተባለውን ነጭ የእንስሳ ጸጉር እንዳትለብስ ከልክሏል። በዓመት የሚሰፋው የቀሚስ ቁጥር እንኳ እንደ ማዕረጉ ተወስኖ ነበር። የፈረንሳይ አብዮት በ1793 ማንም ሰው፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ እንዲህ ልበስ ተብሎ አይገደድም ብሎ አወጀ። ሰባት ዓመት ቆይቶ የሱሪው ነገር መጣ። ሕጉ ዛሬ የለም። ሱቅ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ግን ጫማ ያያል።

ከመሄዴ በፊት በነበረው ቀን ከመስመሬ ወጥቼ የድሮ ነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ቬርሳይ ሄድኩ። ወርቁም መስታወቱም አላጓጓኝም። አንድ ሥዕል ፍለጋ ነው የሄድኩት። ንግሥት ማሪ አንቷኔት ሰማያዊ ግራጫ የሐር ቀሚስ ለብሳ ጽጌረዳ ይዛለች። ሠዓሊዋ ኤሊዛቤት ቪዤ ለ ብራን ናት፣ ዓመቱ 1783። ቆንጆ ነው፣ ግን የእርቅ ሥዕል ነው። በዚያው ዓመት ከዚህ ቀድሞ የቀረበው ሥዕል ንግሥቲቱን በስስ ነጭ የጥጥ ሙስሊንና በገለባ ባርኔጣ የሚያሳይ ነበር። ሕዝቡ ጉድ አለ። ንግሥት በውስጥ ልብስ! ከዚያም በላይ ጥጡ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የፈረንሳይዋ የሊዮን ከተማ ሐር ሠሪዎች ምን ይብሉ? ሥዕሉ ከዐውደ ርእዩ ወርዶ በምትኩ ይኸኛው ተሰቀለ።

እዚያ ሥዕል ፊት ብዙ ቆምኩ። በዓለም ያለው ሐር ሁሉ ያላት ሴት እንደ ገጠር ልጅ መልበስ አማራት። ባለ ሰማያዊ ሹራቧን ሴትዮ አስታወሰችኝ። የልብስ ዲዛይነሯ ኮኮ ሻኔልም ብትሆን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የወንድ የውስጥ ልብስ የሚሠራበትን ጀርሲ ወስዳ ነው የሀብታም ሴት ልብስ ያደረገችው። እሷ ራሷ ከድሃ ቤት ነው የወጣችው፤ ቀለል ማለት ለማን እንደሚያምር ታውቃለች። እኔ ያንን ጀርሲ ብለብስ የቤት ልብሷን ለብሳ ወጣች ነው የምባለው። በእሷ ላይ ሲሆን «ቴስት» ይባላል።

ለእቴቴ ይህን ስነግራት «አንቺ ደግሞ ፈላስፋ ሆንሽ» ብላ ካፖርቴን ተቀበለችኝ። ገልብጣ አየችው። ገበሩ ብብቱ ላይ ተተርትሯል። ሳልነግራት ሌሊቱን ሰፍታው አደረች።

ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ወደ ጋር ዱ ኖር ባቡር ጣቢያ ለመሄድ ከክሊኛንኩር አራት ቁጥር ተሳፈርኩ። ካፖርቴ ገበሩ አዲስ ነው፣ ቁልፎቹም ጠብቀዋል። እግሬ ላይ ያደረግሁት ጠፍጣፋ ጫማ ነው። በሻቶ ሩዥ አንዲት ወጣት ገብታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ደማቅ ቢጫ ዋክስ፣ ትልልቅ ጉትቻ፣ ከታች ደግሞ ታኮው የተንጋደደ ወርቃማ ጫማ። ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው እሱ ላይ ነው። እሷም አየችኝ። እግሮቿን ቀስ አድርጋ ወንበሩ ሥር አስገባች።